ሽቶ የተቀባው ወንድ



 

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ! በዚህ ሳምንት በውስጥ መስመር ከደረሱኝ መልእክቶች አንዱን፣ ስሙንና ሰፈሩን ትቼ ላንሳው። ጸሐፊው መተማ አካባቢ የሚኖር ወጣት ነው። የወንዶች ፀጉር ቤት ውስጥ ይሠራል። ንጹሕ ይለብሳል፣ ጺሙን ያስተካክላል፣ ዒጥር ይቀባል፤ ሥራው ነውና የእሱ ገጽታ ራሱ የቤቱ ማስታወቂያ ነው። ሰፈር ውስጥ «ሴታሴት» የሚል ቅጽል ወጣለት። መጀመሪያ አብሮ ሣቀ። ቀጥሎ አንዱ ፎቶውን ከቲክቶክ አውርዶ፣ ከሥሩ እዚህ ልጽፈው የማልፈልገውን ቃል ጽፎ በቴሌግራም ግሩፕ ለቀቀው። «ኡስታዝ፣ መስጂድ ከሄድኩ ሦስት ጁሙዓ አለፈኝ። ሰፍ ውስጥ ስቆም ጎኔ ያለው ሰው የሚሸሸኝ ይመስለኛል» ይላል።

ሦስት ጁሙዓ በቸልተኝነት ስለተወ ሰው የመጣውን ከባድ ሐዲስ ሊያነብለት የሚቸኩል ይኖራል። ይሄ ልጅ ግን ቸል ብሎ አይደለም የቀረው፤ ሰዎች አሸሽተውት ነው። መልሴን ለእሱ በግል ጽፌለታለሁ፤ ዛሬ የምናገረው ግን ለግሩፑ ነው። ፎቶውን ላስተላለፈው፣ የሣቅ ምልክት ላስቀመጠው፣ ዝም ብሎ ላየውም።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። አንድ ወንድ ራሱን ሲጠብቅ ወንድነቱ ይቀንሳል የሚለውን ሐሳብ ከየት አመጣነው? ከዲናችን እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። ቁርኣን «ሪጃል» ብሎ፣ ማለትም ወንዶች ብሎ፣ በአድናቆት የሚጠራቸው ሰዎች አሉ። በሱረቱ ኑር 37 ላይ ንግድና ሽያጭ ከአላህ ውዳሴ የማያዘናጋቸው ወንዶች ናቸው። በሱረቱል አሕዛብ 23 ላይ ለአላህ በገቡት ቃል የጸኑ ወንዶች ናቸው። በሱረቱ ተውባ 108 ላይ ያሉትስ? መጥራራትን፣ መንጻትን የሚወዱ ወንዶች። ይህች አያ ስለ ቁባእ ሰዎች እንደወረደች አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል፤ የተመሰገኑበትም ሥራ በውሃ መታጠባቸው ነው። ጦር ሜዳ ውለው ሳይሆን ታጥበው ነው የተመሰገኑት! አላህ «ወንዶች» የሚለውን ቃልና ንጽሕናን መውደድን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሳለ፣ እኛ ለያይተን አንዱን የሌላው ጠላት አደረግነው።

ነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ተመልከቱ። አነስ (ረ.ዐ) ሽቶ ሲሰጣቸው እንደማይመልሱ ነግረውናል፤ ቡኻሪ ዘግቦታል። ኢዕቲካፍ ላይ ሆነው እንኳ ራሳቸውን ከመስጂዱ ወደ ቤታቸው ያዘነብሉና እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ፀጉራቸውን ታበጥርላቸው ነበር። ኢዕቲካፍ ከዓለም የመገለያ ጊዜ ነው፤ ማበጠሪያው ግን አልቀረም። አንድ ጊዜ ፀጉሩ የተንጨባረረ ሰው አይተው፣ ይህ ሰው ፀጉሩን የሚያስተካክልበት ነገር አያገኝምን ብለው መጠየቃቸውን ጃቢር (ረ.ዐ) አውርተዋል። ሲዋክን በተመለከተ ደግሞ፣ በሕዝባቸው ላይ ማክበዳቸው ባይሆን ኖሮ በየሶላቱ ያዙን እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ላይ አለ። ለጁሙዓ መታጠብ፣ ሲዋክና የተገኘውን ሽቶ መቀባት በሐዲስ የታዘዘ ነው። ያ ልጅ ዒጥር ተቀብቶ ወደ ጁሙዓ ሲመጣ የሚሥቅበት ሰው በማን ሥራ እየሣቀ እንደሆነ ያስብ።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ዶርም ውስጥ ሎሽኑን ከልብሱ ሥር የሚደብቅ ልጅ ነበር። ቆዳው ይሰነጠቅና ይደማ ነበር፣ በሽታ ነበረበት። ግን «ሎሽን የሴት ነው» ስለተባለ መብራት ሲጠፋ ጠብቆ ይቀባ ነበር። ሌሎቻችን ደግሞ ካልሲያችንን ሳምንት ሙሉ ሳናጥብ «ወንዶች» ነበርን።

አሁን ወደ ሀገራችን ልምጣ፤ ምክንያቱም ብዙዎች «ይሄ የአባቶቻችን ባህል ነው» ይላሉ። የትኞቹ አባቶች? መተማ ከተማ መተማ ዮሐንስ የምትባለው አፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1881 ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ እዚያ ስለወደቁ ነው። ምስላቸውን ፈልጋችሁ እዩት፤ ፀጉራቸው ሹሩባ ተሠርቷል። ትንሽ ወደ ደቡብ ውረዱ፣ ቋራ ነው። የቋራው ካሳ፣ አፄ ቴዎድሮስም፣ በሹሩባቸው ነው የሚታወቁት። (እነዚህን ነገሥታት ለዲን ምሳሌ አድርጌ አላመጣኋቸውም። በ1870 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ምን እንደደረሰባቸው የምናውቅ እናውቃለን። የማወራው ስለ ፀጉር ነው።) በዚያ ዘመን ሹሩባ የጦረኛ ምልክት ነበር። ዛሬ በእሳቸው ስም በምትጠራው ከተማ አንድ ልጅ ሹሩባ ቢሠራ የሚባለውን እናንተ ታውቃላችሁ። ፀጉሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኛ ዓይን ነው። ይበልጥ የሚገርመው፣ ኡሙ ሃኒእ (ረ.ዐ) ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መካ ሲገቡ ፀጉራቸው በአራት ጉንጉን ተሠርቶ እንደነበር ማውራታቸውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ አስፍረዋል። ኩልንም አስቡ። ኢስሚድ የሚባለውን ኩል ነብያችን አወድሰዋል፣ ለዓይን እንደሚጠቅም ተናግረዋል። ዛሬ ወንድ ልጅ ኩል ተኩሎ ገበያ ቢወጣ?

በረሃችን ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ሱዳን ድንበራችን ነው፣ ገላባት ድልድዩን ተሻግሮ ነው። ጥንት ወደ ሐጅ ሲያልፉ እዚህ የቀሩ ተክሩሮች አሉ፣ ጉሙዞች አሉ፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ ወርዶ የሰፈረው አለ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ጥቅምትና ኅዳር የሚመጣው የቀን ሠራተኛ አለ። ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ደግሞ ከካርቱም ጦርነት የሸሹ ወንድሞቻችን በመተማ በኩል ገብተው ኩመርና አውላላ መጠለያዎች ውስጥ አረፉ። እነዚህ ሁሉ ሕዝቦች ወንድ እንዴት እንደሚለብስና እንደሚሸት የየራሳቸው ልማድ አላቸው። ሱዳናዊው ነጭ ጀለቢያውን አስተኩሶ፣ ዒማማውን ጠምጥሞ፣ ከሩቅ የሚያውድ ዒጥር ተቀብቶ ይወጣል፤ ሀገሩ ላይ ይህ የተከበረ ሽማግሌ ምልክት ነው። ከደጋ የወረደው ወጣት ይህንን አይቶ «ምን ዓይነት ወንድ ነው» ይላል። የሱዳን ሙሽራ ደግሞ ለሠርጉ እጁንና እግሩን ሒና ይቀባል። ለደጋው ልጅ ሒና የሙሽሪት ነው፤ ስለዚህ ይሥቃል።

የሒናውን ፊቅህ ሳልናገር አላልፍም፤ ጥያቄው በተደጋጋሚ ይመጣል። ሽበትን በሒና መቀባት ለወንድ ሱና ነው፤ አቡበክር (ረ.ዐ) በሒናና በከተም ይቀቡ ነበር። እጅና እግርን መቀባት ግን ሌላ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ኢማም ነወዊ ለሕክምና ካልሆነ በቀር ለወንድ እንደማይፈቀድ ጽፈዋል። ስለዚህ አንድ የመድረሳ ተማሪ ለሱዳናዊ ወዳጁ «በእኛ መዝሀብ ይህ አይፈቀድም» ብሎ በአክብሮት ቢነግረው እውቀት ነው። «ይሄ ሰው እንዲህ ዓይነት ነው» ብሎ ስለ ሰውየው ገመና መናገር ግን ከፊቅህ አንድ ፊደል አይደግፈውም። የመጀመሪያው ስለ ሒና ነው የሚያወራው፤ ሁለተኛው ስለ ሰውየው ክብር ነው። ብዙዎቻችን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የምንዘለው ሳናውቀው ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። እኛ ሀገር ሁለት ወንድ ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ገበያ ቢያቋርጡ ማንም ዞር ብሎ አያይም። አውሮፓና አሜሪካ የሄዱ ወንድሞቻችንን ጠይቁ፣ እዚያ ይህ በሌላ ዓይን እንደሚታይ ሲያውቁ እጃቸውን እንዴት እንደሰበሰቡ ይነግሯችኋል። እዚያ ደግሞ ሽቶ የተቀባ፣ ልብሱ የተስማማ ወንድ ተራ የቢሮ ሠራተኛ ነው። ምልክቱ እንደ ሀገሩ የሚገለባበጥ ከሆነ የማንንም ውስጥ አያሳይም። ሊቃውንቶቻችን ይህን አስቀድመው አይተውታል። ኢብኑ ሐጀር «ፈትሑል ባሪ» ላይ፣ በሴትና በወንድ መመሳሰል የተከለከለ ቢሆንም የአለባበስ ቅርጽ ግን እንደየሀገሩ ልማድ እንደሚለያይ አስረድተዋል።

እንግዲህ «ኡስታዝ ሁሉንም ፈቀደ» እንዳትሉ። ወርቅና ሐር ለወንድ ሐራም ነው። ሴትን መስሎ መልበስና ሆን ብሎ ሴትን መምሰል፣ ሴቷም ወንድን መምሰሏ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የረገሙት ነው፤ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ያወሩት በቡኻሪ ላይ አለ። ልብስን በኩራት መጎተትም ተወግዟል። ጭንቅላትን ከፊሉን ላጭቶ ከፊሉን መተው፣ «ቀዘዕ» የሚባለው፣ ተከልክሏል፤ ሊቃውንቱ የተጠላ መሆኑን ነው የተናገሩት። ስለ ፌድ ቁርጥ በየሳምንቱ ትጠይቁኛላችሁና፦ ጎኑ በምላጭ ተላጭቶ አናቱ ሲተው ቀዘዕ ውስጥ ይገባል፤ በመቀስ ወይም በማሽን ማሳጠር ብቻ ከሆነ ጉዳዩ ይቀላል። ለራሱ ፋሽን ሲል የእናቱን የመድኃኒት ብር የሚያባክን ወንድም ቢኖር ችግሩ ልብሱ ጋ አይደለም፣ ኪሱና ልቡ ጋ ነው። ኩራትን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲያብራሩ፣ ልብሱና ጫማው እንዲያምር ስለሚወድ ሰው ተጠየቁ። መልሳቸው አላህ ውብ እንደሆነና ውበትን እንደሚወድ፣ ኩራት ግን እውነትን መግፋትና ሰውን መናቅ እንደሆነ ነበር። ሙስሊም ላይ የተዘገበ ነው። ይህን ሐዲስ ወደ ታሪካችን መልሱት፤ በዚህ ትርጉም ኩሩው ማን ነው? ጫማውን የወለወለው ልጅ ነው ወይስ እሱን የናቀው ግሩፕ?

ከሰሓቦች አንዱን እዚህ ላይ ማስታወስ እፈልጋለሁ። ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር (ረ.ዐ) ከመስለማቸው በፊት በመካ ወጣቶች መካከል በልብሳቸው ውበትና በሽቷቸው የታወቁ ነበሩ። እናታቸው ሀብታም ነበሩ፣ አቀማጥለው ነው ያሳደጓቸው። ያ ልጅ ሰለመ፤ ቤተሰቡ አሰረው፤ አምልጦ ወደዚህ ወደ እኛ ምድር፣ ወደ ሐበሻ ተሰደደ። በኋላ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለመዲና ሰዎች ቁርኣን እንዲያስተምር የላኩት እሱን ነው። ኡሑድ ላይ የሙስሊሞችን ባንዲራ የያዘው እሱ ነበር፣ ባንዲራውን እንደያዘም ተገደለ። መከፈኛ ሲፈለግለት አንድ አጭር ጨርቅ ብቻ ተገኘ፤ ራሱን ሲሸፍኑት እግሩ ይወጣል፣ እግሩን ሲሸፍኑት ራሱ ይወጣል። አሁን የዛሬው የሰፈር ዳኛ የዚያን ጊዜ መካ ውስጥ ቆሞ፣ ሽቶው በመንገድ የሚያውድ ያንን ወጣት ሲያልፍ ቢያየው ምን ስም ያወጣለት ነበር? ስለ ኡሑድ ከሽቶው ማንበብ ይችል ነበር? ሙስዐብ ድሎቱን የተወው ወንድ ለመሆን አይደለም፤ ለአላህ ብሎ ነው። ሲያጌጥም ወንድ ነበር፣ ያችን አጭር ጨርቅ ሲከፈንም ወንድ ነበር።

ወደ ከባዱ ክፍል ልግባ። ከወንድ ጋር የሚፈጸም ዝሙት በሸሪዓችን ሐራም መሆኑ ግልጽ ነው፣ የሉጥ ሕዝቦችን ታሪክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ዛሬ የምከራከርበት ጉዳይ እሱ አይደለም። ጉዳዩ ይህንን ወንጀል ከፀጉርና ከሱሪ እያነበቡ በሰው ላይ መለጠፍ ነው። አላህ በሱረቱ ኑር 4 ላይ ጥብቅ በሆነ ሰው ላይ የዝሙት ክስ አቅርቦ አራት ምስክር ያላመጣ ሰው 80 ግርፋት እንዲገረፍ፣ ምስክርነቱም እንዳይቀበሉት አዟል፤ አመጸኛም ብሎታል። አያዋ ጥብቅ ሴቶችን ብትጠቅስም ጥብቅ ወንድን መወንጀልም በዚሁ እንደሚገባ ሊቃውንቱ ተስማምተዋል። አራት ምስክር! ሦስት ሰው በዓይኑ አይቶ ቢመሰክር እንኳ አይበቃም። እኛ ዘንድ ግን አንድ የጠበበ ሱሪ በቂ ማስረጃ ሆኗል። ሐዱን የሚያስፈጽም ሸሪዓዊ ፍርድ ቤት እኛ ጋ የለም ብሎ የሚጽናና ካለ፣ የቂያማ ፍርድ ቤት እንዳለ ያስታውስ።

ውጤቱንም እንወቅ። ነሐሴ 2015 የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ በሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ ፍተሻ እንደሚያደርግ ባስታወቀበት ሰሞን፣ ቲክቶክ ላይ የሰዎች ፎቶና ስም እየተለጠፈ «እሱ እንዲህ ነው፣ እሷ እንዲህ ናት» ይባል ነበር። አንድ ስልክ የያዘ ሰው ከሳሽም ምስክርም ዳኛም ሆነ። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ትንሽ ከተማ ሲደርስ ልጁ የሚሸሸግበት ሰፈር የለውም። ፀጉር ቤቱ ደንበኛ ያጣል፣ እጮኛ ትሸሻለች፣ አንድ ምሽት የሰከረ ሰው ድንጋይ ያነሳል። ድንጋዩን ያነሳው አንድ ሰው ነው፤ ያቀበሉት ግን ግሩፑ ውስጥ ያሉት ናቸው።

ሱረቱል ሑጁራት 11 እና 12 ለዚህ ዘመን የወረዱ ይመስላሉ። ወንዶች በወንዶች ላይ እንዳይሣለቁ፣ ምናልባት የተሣለቁባቸው ከነሱ ይበልጡ ይሆናልና፤ በመጥፎ ቅጽል ስም እንዳይጠራሩ፤ ከዚያ ብዙ ጥርጣሬን እንዲርቁ፣ ነውርን እንዳይሰልሉ፣ እንዳይተማሙ። የአያዎቹን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። ሣቅ መጣ፣ ቅጽል ስም መጣ፣ ጥርጣሬ መጣ፣ ስለላ መጣ፣ ሐሜት መጣ። የፎቶው ጉዳይም ልክ በዚሁ መንገድ ነው የሄደው።

ድምፁ የቀጠነ፣ አካሄዱ የለዘበ ወንድምስ? አንዳንድ ሰው እንዲህ ሆኖ ነው የተፈጠረው። ኢማም ነወዊ የሙስሊምን ሐዲስ ሲያብራሩ፣ ተፈጥሮው እንዲህ በሆነና ሆን ብሎ በሚያስመስል ሰው መካከል ለይተዋል፤ በተፈጥሮው እንዲያ የሆነ ሰው ላይ ወቀሳም ወንጀልም ቅጣትም እንደሌለበት ጽፈዋል። ይህ የተጻፈው ከ700 ዓመት በፊት ነው! የዛሬ ወጣት ከዚያ ዘመን ሊቅ የባሰ ጨካኝ የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ከውስጡ ጋር የሚታገል፣ ለማንም ያልነገረው ስሜት ያለበት ወንድምም ቢኖር፣ ትግሉ በእሱና በጌታው መካከል ነው፤ የአላህም በር አልተዘጋበትም። እኛ የታዘዝነው የወንድማችንን ገመና መሸፈን ነው፤ የሸፈነን ሰው አላህ በዱንያም በአኺራም ይሸፍነዋል።

ለእህቶቼም አንድ ቃል አለኝ። እናንተም «ይሄ ወንድ አይደለም» ስትሉ እሰማለሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ያገቡት ባላቸው ከማሳ እንደመጣ ሳይታጠብ እንደሚተኛ ይነግሩኛል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ሚስታቸው እንድታጌጥላቸው እንደሚወዱ ሁሉ እሳቸውም ለሷ ማጌጥ እንደሚወዱ መናገራቸው በሱረቱል በቀራ 228 ተፍሲር ላይ ተወርቷል። ወንድ ሲያጌጥ ስም ከወጣለት፣ በዚህ 40 ዲግሪ በሚያልፍ ሙቀት ውስጥ የሚከፍለው ማን እንደሆነ አስቡት።

ማሳ ላይ ያላችሁ ወንድሞች፣ ውሃ እንደሚያጥር አውቃለሁ። አነስ (ረ.ዐ) እንዳወሩት ቀድሞ ቀመስን ማሳጠር፣ ጥፍር መቁረጥ፣ የብብትና የሐፍረት አካባቢ ፀጉርን ማስወገድ ከ40 ቀን እንዳያልፍ ወሰን ተቀምጧል። የሰሊጥ ሥራ ወቅት ከዚያ ይረዝማልና መቀስና ምላጭ ከቡታንቲያችሁ ጋር ያዙ። የሚሥቅባችሁ ቢኖር ሐዲሱን ንገሩት።

ፎቶውን ያስተላለፋችሁስ? ተውበታችሁ በሶላት ምንጣፍ ላይ ብቻ አያልቅም፣ የሰው ሐቅ ነውና። ከራሳችሁ ስልክ ማጥፋት መጀመሪያው ነው። ከዚያ በዚያው ግሩፕ፣ ያዩት ሰዎች ባሉበት፣ «ያልኩት ሐሰት ነው፣ ማስረጃ አልነበረኝም» ብላችሁ ጻፉ፤ በአደባባይ የተወሰደ ክብር በአደባባይ ነው የሚመለሰው። ከዚያ ልጁን ፈልጉት፣ ፀጉር ቤቱ ክፍት ነው። ይቅርታ ጠይቁት፣ ተራችሁን ጠብቁና ተስተካከሉ፣ ሒሳቡንም ክፈሉ። ዛሬ ኹጥባ ሲጀመር ከጎናችሁ ክፍት ቦታ ካለ ያዙለት።